ሌሊቱ የየትኛው ቀን ነው?

ሐምሌ 24 ቀን 2006 ዓ.ም.

ጉድ ፈላ። አዲሱ ሰርቨር ሥራ ከጀመረ ገና ሦስተኛ ቀኑ ነው። ጠዋት ሲስተር ሸዋአየሁ ከክሊኒኩ ደወለች።

«ፈህሚያ፣ ምን ብለሽ ነው ለሰዉ የላክሽው? አንድ የወገራ ሰውዬ ስልኩን ይዞ መጥቶ ‹ይኸ የየትኛው ታቦት ስም ነው? ቄሱንም ጠይቄ አላወቁት› ይለኛል።»

መልእክቱን አነበበችልኝ። ሌላው ሁሉ በቦታው አለ። «ቀጠሮዎ ለ» ካለ በኋላ ግን ቀኑ መግባት በነበረበት ቦታ ቅንፍና የፈረንጅ ፊደል ተደርድሯል። ሳቄን ለቀቅሁት። ከዚያ ለስንት ሰው እንደሄደ አየሁ። ለአርባ አንድ ሰው። ሳቄ እዚያው ቀረ።

ከእራት በኋላ፣ ቤት።

ደብተሩ አዲስ ስለሆነ ከሥሩ ልጀምር። ድርጅታችን ትንሽ ነው። የስኳር ሕሙማንን መዝገብ ይይዛል፣ የቀጠሯቸውን ቀን በስልክ መልእክት ያስታውሳል። ክሊኒኩ ፒያሳ አካባቢ ነው፤ እኔና ሰርቨሩ ደግሞ ማራኪ ሰፈር አንዲት ክፍል ውስጥ እንውላለን። ማታ ማታ በሰዓቱ ራሱ የሚነሳ ሥራ አለን፣ ጆብ እንለዋለን። ካርድ ክፍል ያዘጋጀውን፣ ከሦስት ቀን በኋላ ቀጠሮ ያላቸውን ሰዎች ዝርዝር ይወስድና ለእያንዳንዱ መልእክት ይልካል። እኔ የማየው የካርድ ቁጥርና ስልክ ብቻ ነው፤ ስም ክሊኒኩ ይቀራል። ቀኑን ማንም አይጽፈውም። በጽሑፉ መሐል ባዶ ቦታ ተትቶለታል። ጆቡ ሲነሳ ማሽኑ የተነሳበትን ቀን ይወስዳል፣ ሦስት ይደምራል፣ ወደኛ አቆጣጠር ይመልሳል፣ የዕለቱን ታቦት ይጨምራል፣ ባዶውን ይሞላል።

ታቦቱን የጨመረው ከኔ በፊት በዚህ ወንበር የነበረው አያ ምንዳዬ ነው። ለገጠር ሰው «ነሐሴ 12» ስትለው መልሶ ይጠይቅሃል፤ «ሚካኤል» ስትለው መርቆህ ይሄዳል። የአዲስ ዓለም ሰፈር እስላም ልጅ ሆኜ ሠላሳውን ታቦት በተራ የማውቀው በሱ ኮድ ምክንያት ነው። አባዬ «ልጄ ልትቀድስልኝ ነው» እያለ ይስቅብኛል።

እማዬን የወሰደብን ስኳር ነው። ካረፈች ሁለት ዓመቷ ነው። ቀጠሮዋን ትረሳ ነበር። አባዬ ቅዳሜ ገበያ ጨርቁን ሲሸጥ ይውላል፣ እኔ ባሕር ዳር ትምህርት ላይ ነበርኩ፣ የሚያስታውሳት አልነበረም። ይህን ሥራ የያዝኩት ለዚህ ነው። ስለዚህ ያቺ ባዶ ቦታ መሙላት አለባት።

ሐምሌ 25

በእጄ ሞከርኩ። አይሞላም። ቅንፉን ቀየርኩ። አይሞላም። ከመጀመሪያው ደግሜ ጻፍኩት። አይሞላም። ምሳ አልበላሁም።

ሐምሌ 28

አልሆነም። ሲስተር ለእያንዳንዱ በሽተኛ በስልክ እየደወለች ነው፤ ድምፅዋ ተዘግቷል። ትጮህብኛለች ብዬ ስጠብቅ «አባትሽ ደህና ናቸው?» አለችኝ። በዚህ ሁሉ ጣጣ መሐል የሰው አባት ትጠይቃለች። ደግ ሴት ናት።

አባዬ ከረመዳን ቀጥሎ ባለው ወር የሚጾመውን የሸዋልን ስድስት ቀን ጾም ይዟል። ጠዋት ቁርስ ሳይቀምስ ወጣ። ምሳ ሰዓት ላይ ሱቁ ብቅ ብል ሽሮውን ፊቱ አድርጎ አገኘሁት።

«ጾም አይደለህም እንዴ?»

«ረስቼው እኮ ነው» አለ። «ረስቶ የበላ ሰው ጾሙ አይፈርስም።»

ይህን ብሎ ሌላ ጉርሻ ጠቀለለ። እስከ ማራኪ ድረስ በሚኒባሱ ውስጥ ብቻዬን ስስቅ ሰው ምን ይለኝ ይሆን።

ሐምሌ 30

አፍሬ አፍሬ ለአያ ምንዳዬ ደወልኩ። አሁን የሚኖረው አይከል ከተማ ነው፤ ፎቶ ኮፒና ኮምፒዩተር ቤት ከፍቷል።

«አያ ምንዳዬ፣ ባዶዋ ቦታ አልሞላ አለችኝ።»

«ምነው፣ በእጅሽ ነው እንዴ የምትሞክሪያት?»

«አዎ።»

«እንግዲያ እስከ ፋሲካ ብትሞክሪ አትሞላልሽም! የምትሞላው ጆቡ ራሱ በሰዓቱ ሲነሳ ብቻ ነው። በእጅ ስታስነሺው እንደተጻፈች ትቀራለች። ደሞ አዲሱ ሰርቨር የኔን የድሮ ማዕዘን ቅንፍ አያውቀውም፤ የዶላር ምልክትና ክብ ቅንፍ አርጊለት።»

ስድስት ቀን! ስድስት ቀን ሙሉ የተቆለፈ በር በተሳሳተ ቁልፍ ስነቀንቅ ነበር። ቅንፉን ለወጥኩ፣ ጆቡን ለምሳ ሰዓት ቀጠርኩት፣ ወደ ራሴ ስልክ አስላክሁ። ቀኑ ከነታቦቱ ገብቶ መጣ። ስልኩን ሳምኩት። አያ ምንዳዬ «ሸጋ» አለ፤ «ብቻ ሳታጣሪ ምንም እንዳትነኪ።»

አንድ ነገር ነካሁ። እስካሁን ጆቡ የሚነሳው ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ነበር፤ በዚያ ሰዓት ማራኪ መብራት ይሄዳል፣ ኔትወርኩም ይጨናነቃል፣ ብዙ መልእክት ሳይደርስ ይመለሳል። ስለዚህ ወደ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገፋሁት። ያው ያንኑ ማታ ነው፣ ትንሽ መሸት አለ እንጂ።

ነሐሴ 5

ከዚያ ወዲህ አንድም መልእክት አልተመለሰም። ኃላፊያችን በስብሰባ ላይ ስሜን ጠርቶ አመሰገነኝ። ለአባዬ ብነግረው ከእኔ በላይ ተደሰተ። ስለ ሥራዬ እንዲህ ጠይቆኝ አያውቅም ነበር፤ አሁን በየማታው «ማሽንሽ እንዴት ዋለች?» ይለኛል።

ሻዩን ያለ ስኳር መጠጣት ጀምሯል። አራት ማንኪያ የሚያደርግ ሰው! «ሸማቾች ሱቅ ስኳር አልመጣም» አለኝ። አንጀቴን በላው። ማራኪ ተሰልፌ ሁለት ኪሎ ገዛሁለት። ግንባሬን ሳመና ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ሰቀለው፤ «ለእንግዳ ይቀመጥ።» በእርጅናው ቆጣቢ ሆነብኝ። ይህን እያለ ደግሞ ትንሽዬ ሁለተኛ ስልክ ገዝቷል፣ ለደንበኞች ነው አለ። ቆጣቢነቱ ምኑ ላይ እንደሆነ እንጃ።

ነሐሴ 7

አባዬ ጠዋት «ጾም ነኝ» ብሎ ወጥቶ ነበር። ሲገባ ፊቱ ጠቁሯል።

«አንድ ቢሮ ሄጄ ‹ቀጠሮዎ እኮ ትናንት ነበር› አሉኝ።»

የግብር ነገር ይሆናል። «እንግዲህ ቀን መቁጠር አቃተህ፣ አረጀህ ማለት ነው» ብዬ ቀለድኩበት። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሦስት ቀልድ ይመልስልኝ ነበር። ዛሬ አልሳቀም። «ማሽንሽ ደህና ናት?» አለኝ። ደህና ናት አልኩት። «አልሐምዱሊላህ» አለና ትንሽ ረዘም አድርጎ አየኝ።

ነሐሴ 9

ሲስተር ደወለች። ሰው ከቀጠሮው አንድ ቀን እየዘገየ ይመጣል አለች። በዚህ ሳምንት አሥራ ሁለት ሰው።

ጽሑፉን በእጄ አስነስቼ አየሁት። በእጅ ሲነሳ ባዶዋ ስለማትሞላ ቀኑን ራሴ አስገባሁ፤ ልክ ነው። ጆቡንም ምሳ ሰዓት ላይ ሞከርኩት፤ ልክ ነው። የተላኩት መልእክቶች መዝገብ ላይ ቁጥሩና «ደርሷል» የሚለው ብቻ ይቀመጣል፣ ጽሑፉ አይቀመጥም።

«ክረምት ነው፣ ወንዝ ሞልቶባቸው ይሆናል» አልኳት።

«አሥራ ሁለቱንም?»

«ገበሬው ደግሞ ቀን አይቆጥርም።»

በስልኩ ውስጥ ካርድ ስታገላብጥ ይሰማኛል። ከዚያ «አባትሽ ደህና ናቸው?» አለችኝ። ስለ አባዬ ከኔ በላይ ትጨነቃለች፣ ምናልባት ጨርቅ በቅናሽ ሸጦላት ይሆናል።

ነሐሴ 13

ከዳባት የመጣች ልጅ። የትነበርሽ። አሥራ ሦስት ዓመቷ። ከመኪና ስትወርድ ወደቀች። ሆስፒታል ተኝታለች። ቀጠሮዋ ትናንት ነበር፣ ኢንሱሊኗ ካለቀ ሁለት ቀን ሆኖታል። ያ ረብ፣ አንተ ታውቃለህ።

ነሐሴ 14

ሄድኩ። ነቅታለች፣ ትናገራለች፤ ሐኪሙ «ትድናለች» ብሏል። አልጋው ጫፍ ላይ እናቷ ወይዘሮ ባንቺአየሁ ነጠላቸውን አገልድመው ተቀምጠዋል። ማን እንደሆንኩ ስነግራቸው ተነሡልኝ። ለኔ!

«ምነው ልጄ፣ ምን አጠፋን?» አሉኝ። «ባላችሁን ቀን መጣን። ቀኑ የተጻፈበትን ካርድ ዝናብ አበሰበሰብኝ። ስልኩን እሷው ናት የምታነብልኝ፣ ስድስተኛ ክፍል ናት። መድኃኒቱ ሲያልቅባት ‹ቀድመን እንሂድ› ብላት ‹አይ እማ፣ ቀጠሮው ሚካኤል አይደለም፣ በማግስቱ እግዚአብሔር አብ ነው› አለችኝ።»

የትነበርሽ ከብርድ ልብሱ ሥር ሆና በቀስታ ጠየቀችኝ፦ «አሳስቼ ነው ያነበብኩት?»

ስልኩን ተቀብዬ አየሁ። «ነሐሴ 13፣ እግዚአብሔር አብ» ይላል። ልጅቷ ልክ አንብባለች። አንዲት ፊደል አልሳተችም። ያን ጊዜ ልነግራት ሲገባኝ «እስኪ አጣራለሁ» ብዬ ወጣሁ። ደረጃው ላይ ቆሜ አለቀስኩ። «ገበሬው ቀን አይቆጥርም» ያለችው ይቺ ምላሴ ናት።

ሲስተር ሁሉንም ሰው እንደገና በስልክ እንድትጠራ አደረግን። መልእክት መላኩን አቆምኩት።

ነሐሴ 20

ኃላፊው እስከ ነሐሴ መጨረሻ ጊዜ ሰጠኝ። እስከዚያ ካልተስተካከለ መልእክቱ ለዘለቄታው ይቀራል፣ ሰዉ በካርዱ ብቻ ይምጣ አለ። በካርድ ብቻ እማዬም ትመጣ ነበር።

ምሳ ሰዓት ስሞክረው ልክ ነው። ከሰዓት አሥር ሰዓት ላይ ልክ ነው። የአያ ምንዳዬን ሰንጠረዥ መስመር በመስመር አነበብኩ፤ ልክ ነው። ስህተቱን በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ ማሽኑ ግን ዓይኔን እያየ ይክደኛል።

የሸዋል ወር ዛሬ አለቀ። አባዬ ስድስቱን ቀን ስምንት ጊዜ ጾማቸዋል። ስቆጥርለት «ምንዳው ይብዛልኝ ብዬ ነው» አለ።

ነሐሴ 22

ጻፊ ፈህሚያ፣ ቀስ ብለሽ ጻፊ።

ከመግሪብ ሶላት በኋላ አባዬ ሻይ አፍልቶ አመጣልኝ። የኔን በስኳር፣ የራሱን ባዶ። ስለ የትነበርሽ ሁሉንም ነገርኩት። ስጨርስ የትሪውን ጠርዝ በስንዝሩ ለካ። ጨርቅ ሲሸጥም እንዲሁ ነው፤ ሳያጣራ መቀስ አያነሳም።

«ልጄ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ስልክ ጮሆበት ከእንቅልፉ የነቃ ሰው ‹ዛሬ› የሚለው የትኛውን ቀን ነው?»

«ያመሸበትን ነዋ። ገና መች ነጋና!»

«እኔም እንዲያ ነው የምለው። ማሽንሽስ? እሷም እስኪነጋ ትጠብቃለች?»

ብርጭቆዬን አስቀመጥኩ። አትጠብቅም! ማሽኑ ቀን የሚለውጠው ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ለኛ የጁምዓ ሌሊት ሐሙስ ሲመሽ ይገባል፣ ሱቅ የምንከፍትበት ቀን ሲነጋ ይጀምራል። ለወይዘሮ ባንቺአየሁም ሲነጋ ነው። እኩለ ሌሊት ላይ ሰው ሁሉ ተኝቶ ሳለ ቀን የሚለውጥ ከማሽኑ በቀር አላውቅም። ካርድ ክፍል ዝርዝሩን የሚያዘጋጀው ማታ ነው። ጆቡ በሁለት ሰዓት ሲነሳ የዝርዝሩና የማሽኑ ቀን አንድ ነበር። እኔ ወደ ስምንት ሰዓት ስገፋው ዝርዝሩ የትናንት፣ ቀኑ የዛሬ ሆነ። ሦስት ሲደምርበት አንድ ቀን አለፈ። ሁልጊዜ የምሞክረው በቀን ስለሆነ ሁልጊዜ ልክ ነበር።

«ያው ያንኑ ማታ ነው» ብዬ ነበር። የነካሁት እኔ ነኝ። ማሽኑ አይደለም፣ ገበሬው አይደለም፣ ልጅቷ አይደለችም።

አባዬን አንገቱን አቅፌ ሳምኩት። መልእክቱ በስምንት ሰዓት እንደሚደርስ መቼ እንደነገርኩት ግን አላስታውስም። ነግሬው ይሆናል።

ነሐሴ 23

ጆቡን ወደ ሁለት ሰዓት መለስኩት። ለመብራቱ ትልቅ ባትሪ ከጎኑ አስተከልኩ። ለኃላፊው «ሰዓቱን ያለፈቃድ የቀየርኩት እኔ ነኝ» አልኩት። ተቆጣ። ይገባኛል። ከዚያ «እስከ ወሩ መጨረሻ አሳይኝ» አለ።

ከዚያ ሆስፒታል። የትነበርሽ ልትወጣ ልብሷን ለብሳለች። እጇን ያዝኩት።

«ልክ ነው ያነበብሽው። ቀኑን ያሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

ፊቷ በራ። «እማ፣ ሰማሽ?»

«ሰማሁ» አሉ እናቷ። «ሸጋ ነው። እንግዲህ ‹ራሴን ጎዳሁ› እያለች ማልቀሷ ይቀርልኛል።» ከዚያ ወደኔ ዞረው «አንቺም አታልቅሺ ልጄ፣ ተርፋለች» አሉኝ። ባይሉኝ ይሻለኝ ነበር፣ ይኸው እያለቀስኩ እጽፋለሁ።

ነሐሴ 30

ዛሬ መልእክቱ እንደገና ለሰው የሚወጣበት ምሽት ነበር። ሦስት ቀን ሲደመር ጳጉሜ 3 ይሆናል፣ የጳጉሜ ነገር ደግሞ አስጨንቆኝ ነበር፤ ፈረንጅ የሠራው ማሽን አሥራ ሦስተኛ ወር ከየት ያውቃል? ቢሮ ልቆይ ብል አባዬ «እራት ሳይበላ የተስተካከለ ማሽን የለም» ብሎ ወደ ቤት ጠራኝ።

ማዕድ ላይ ነን። የራሴን ቁጥር ዝርዝሩ ላይ ጨምሬዋለሁ። ሁለት ሰዓት ሲሆን ስልኬን ፊቴ አስቀምጬ ጠበቅሁ። አንድ ደቂቃ። ሁለት። ጮኸ። ጳጉሜ 3፣ ሩፋኤል። አያ ምንዳዬ፣ ዕድሜ ይስጥህ፣ ጳጉሜንም አልረሳሃትም!

ልጮህ አፌን ስከፍት ሌላ ስልክ ጮኸ። በሩ ላይ ከተሰቀለው የአባዬ ኮት ኪስ ውስጥ ነው፣ ያቺ የደንበኞች ስልክ። አባዬ አልተነሣም። እጁ ወጡ ላይ እንዳለ ቀረ። «ደንበኛህ ነው» ብዬ ተነሥቼ አወጣሁለት። መብራቷ እንደበራ ነው።

«ቀጠሮዎ ለጳጉሜ 3፣ ሩፋኤል ነው። ካርድዎን ይዘው፣ ምግብ ሳይቀምሱ ይምጡ።»

መጀመሪያ የራሴን ስልክ የያዝኩ መሰለኝ። የራሴን አየሁ፣ ሳህኔ አጠገብ ነው ያለው። ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ መጣብኝ፦ ስኳሩ፣ ስምንቱ ጾም፣ ሽሮው፣ «ቀጠሮዎ ትናንት ነበር»፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት። ከፊቴ ነበር። የሰውን ሁሉ ቀጠሮ ስቆጥር የራሴን አባት ቀጠሮ አሳልፌበታለሁ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከሚያዝያ።»

«ሲስተር ታውቃለች?»

«እንዳትነግርሽ ለምኛት ነው። እሷን እንዳትቆጪ።»

«ምነው አባዬ? ለምን?»

እጁን ታጠበ፣ አደረቀ፣ ቀና ብሎ አየኝ። «እናትሽን በሱ ቀበርሻት። ገና ከሐዘኑ ቀና ስትዪ ደግሞ ‹አሁን እኔን ጠብቂ› ልበልሽ?»

ተቆጥቼም፣ ወድጄውም፣ ፈርቼም ነበር፤ የቱ እንደሚበልጥ አላውቅም። እሱ ስልኩን ከእጄ ወስዶ ከዓይኑ አርቆ ያዘና ቀስ እያለ አነበበው።

«ጳጉሜ 3። ሰኞ። ልክ ነው?»

«ልክ ነው።»

«ማሽንሽ ዳነች» አለኝ። በራሱ ነገር እንዲህ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም።

ጳጉሜ 3

ጠዋት ዝናብ ነበር። ጎረቤቶቻችን የሩፋኤል ጠበል ነው ብለው ልጆቻቸውን ደጅ አውጥተዋል። እኔና አባዬ በአንድ ጃንጥላ ወጣን። ዛሬ «ጾም ነኝ» አላለኝም።

ክሊኒኩ በረንዳ ላይ አግዳሚው ሞልቷል። ከወገራ፣ ከዳባት፣ ከጭልጋ የመጡ ናቸው፤ ጠየቅኋቸው፣ ሁሉም በቀናቸው ነው የመጡት። ሲስተር ሸዋአየሁ ካርድ ይዛ ስትወጣ ከአባዬ ጎን ተቀምጬ አየችኝ። ቆመች።

«አባትሽ ደህና ናቸው?»

«ዛሬ አብረን እንሰማለን» አልኳት። ዓይኗን በክንዷ ጠረገችና ገባች።

ተራችን እስኪደርስ አባዬ ሆዴ ሲጮህ ሰማ።

«ምነው ልጄ፣ አንቺ ቁርስ አልበላሽም እንዴ?»

«ረስቼው እኮ ነው» አልኩት።